የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ አባት፦ ያን አሞስ ኮሜንስኪ

ያን አሞስ ኮሜንስኪን፣ ምሁራን በላቲን ኮሜኒዩስ የሚሉትን ሰው፣ በትምህርት ሙያ ላይ ያሉ ሁሉ በስም ያውቁታል። በመምህራን ማሠልጠኛ ያለፉ አባሎቻችንም ስለ እሱ አንድ ሁለት ገጽ ሳያነቡ አልቀሩም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ማስተማር ዘዴው እንጂ ስለ ሰውዬው ኑሮ አይደለም። ኑሮውን ለተመለከተ ግን፣ ይህ ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጅቶ የአውሮፓን ልጆች ያስደሰተ መምህር የገዛ ልጆቹን ወረርሽኝ የነጠቀው፣ አገሩን ያጣ፣ መጻሕፍቱ ሁለት ጊዜ በእሳት የወደሙበት፣ በመጨረሻም የባዕድ አገር አፈር የለበሰ ሰው ነበር። በዕድር ተሰባስበን ሐዘንን ለምንካፈል ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም ብለን ስለገመትን ለመጽሔታችን መርጠነዋል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ኮሜንስኪ የተወለደው ማርች 28 ቀን 1592 ዓ.ም. በሞራቪያ ነው። ሞራቪያ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል ናት። ቤተሰቦቹ የወንድማማቾች አንድነት የሚባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ነበሩ። ይህ ማኅበር በ1415 ዓ.ም. በእሳት የተቃጠለውን የያን ሁስን ትምህርት የሚከተል ነው። ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱም እናቱም ሁለት እኅቶቹም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሞቱበትና አክስቱ ዘንድ ተጠጋ። ለትምህርቱ የተጨነቀለት ሰው ስላልነበረ ፕርዤሮቭ በምትባለው ከተማ ላቲን መማር የጀመረው ዕድሜው 16 ሲደርስ ነው።

ዘግይቶ መግባቱ ግን በኋላ ጠቀመው። ትንንሾቹ ልጆች የሚደርስባቸውን ከመለማመዳቸው የተነሣ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲያዩት፣ እሱ ግን በአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ነበረና ነገሩን በንቃት ታዘበው። ልጆቹ የማያውቁትን ቋንቋ ሰዋስው በማያውቁት በዚያው ቋንቋ በቃላቸው ይሸመድዳሉ፤ ሲሳሳቱ ይገረፋሉ፤ ቃሉን ይዘው ነገሩን ግን አያውቁትም። (አለንጋ ሳይቀምሱ ፊደል የቆጠሩ አባሎቻችን ስንት ይሆኑ?) ኮሜንስኪ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ዘመኑ ትምህርት ቤቶች ሲጽፍ የልጆች አእምሮ የሚታረድባቸው ቄራዎች አድርጎ ነው ያቀረባቸው።

ከዚያም ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በ1611 ዓ.ም. ሄርቦርን፣ በ1613 ዓ.ም. ደግሞ ሃይደልበርግ ገብቶ ተማረ። ሃይደልበርግ ሳለ የኮፐርኒከስን የእጅ ጽሑፍ፣ ያንኑ የመሬትን መዞር ያስረዳበትን፣ በገንዘቡ ገዝቶ ነበር። አገሩ ተመልሶ በ1616 ዓ.ም. ተቀብቶ ካህን ሆነ፤ በ1618 ዓ.ም. ፉልኔክ በምትባል ትንሽ ከተማ የምእመናን አገልጋይና የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዘመን ትዳር ይዞ ልጅ ወለደ። በሕይወቱ ውስጥ በገዛ አገሩ ጸጥ ብሎ የኖረው እነዚያን ሦስት ዓመታት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በ1618 ዓ.ም. የሠላሳው ዓመት ጦርነት የሚባለው እሳት ከዚያው ከአገሩ ተነሣ። የቦሄሚያ ፕሮቴስታንቶች በካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ላይ ተነሥተው ኖቬምበር 8 ቀን 1620 ዓ.ም. በፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ ላይ ድል ሆኑ። ከዚያ በኋላ የፕሮቴስታንት ካህን መሆን ያሳድድ ጀመር። ኮሜንስኪ በመኳንንት ርስት ላይ እየተዘዋወረ ተሸሸገ። እሱ በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ በ1622 ዓ.ም. ወረርሽኝ ገባና ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን ጨረሰበት። በሚቀጥለው ዓመት ፉልኔክ የነበሩት መጻሕፍቱ በከተማው አደባባይ ተቃጠሉ። በስደት ላይ ያለ ሰው ሐዘን ምን እንደሚመስል ለአባሎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ ከአባሎቻችን መካከል የሚያውቀው አይጠፋም።

በ1624 ዓ.ም. ሁለተኛ ሚስት አገባ። ንጉሠ ነገሥቱ የማኅበሩ ካህናት ሁሉ አገር ለቀው እንዲወጡ ስላዘዘ፣ በ1628 ዓ.ም. በክረምት ቤተሰቡን ይዞ ድንበር አቋርጦ ፖላንድ ውስጥ ሌሽኖ ወደምትባለው ከተማ ገባ። ገና 36 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ ወዲያ 42 ዓመት ሲኖር የአገሩን አፈር ደግሞ አልረገጠም።

ሌሽኖ ላይ መምህር ሆኖ ተቀጠረና ያንን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያብሰለስለው የኖረውን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ ያዘው። በ1631 ዓ.ም. ያሳተመው «የተከፈተው የቋንቋዎች በር» የሚባል የላቲን መማሪያ ነው። ባዶ ሰዋስው ከመስጠት ይልቅ በ1000 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ስለ ዓለም ነገር ሁሉ እየተናገረ ቋንቋውን የሚያስተምር ነበርና ወዲያው በአውሮፓ ተዳረሰ፤ ወደ ዐረብኛና ወደ ፋርስ ቋንቋ ሳይቀር ተተረጎመ። ስሙ የገነነው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሥዕል ግን አልነበረበትም።

ለእኛ ከዚህ የበለጠ የሚደንቀን በ1633 ዓ.ም. በጀርመንኛ ያወጣው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ኮሜንስኪ የሰውን የትምህርት ዕድሜ በስድስት በስድስት ዓመት ከፍሎ አራት ትምህርት ቤት ሲመድብ የመጀመሪያውን የእናት ጉልበት አደረገው። ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ታዲያ ለወላጆች፣ ይልቁንም ለእናቶች ነው። ልጅ ከስድስት ዓመቱ በፊት ምን ማየት፣ ምን መንካት፣ በምን መጫወት እንዳለበት ይዘረዝራል። ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናትም ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እንዲዘጋጅላቸው የመከረው እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ሕፃናቱን በሞት ያጣ አባት፣ ስለ ሌላው ሰው ሕፃናት አመጋገብና ጨዋታ እንዲህ አምርሮ ሲያስብ ማየት ልብ ይነካል። ሐሳቡ ግን ሥራ ላይ እስኪውል 25 ዓመት ጠበቀ።

በመካከሉ ብዙ ዞረ። በ1641 ዓ.ም. ሳሙኤል ሃርትሊብ የሚባል ወዳጁ ጠርቶት እንግሊዝ ሄደ፤ ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ ሆነና ወጣ። ስዊድኖች የትምህርት ቤት መጻሕፍት እንዲያዘጋጅላቸው ስለፈለጉ ኤልቢንግ በምትባል የባልቲክ ከተማ ስድስት ዓመት ሠራላቸው። ተስፋው ጦርነቱ ሲያበቃ ስዊድኖች ስደተኞቹን ወደ አገራቸው ያስገቡናል የሚል ነበር። በ1648 ዓ.ም. ሰላም ሲፈረም ግን የቦሄሚያ ስደተኞች ተረሱ። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ሚስቱ ሞተች። በዚያው ዓመት ደግሞ የተበተነው ማኅበሩ ዋና ጳጳስ አደረገው፤ የሚመራው ሕዝብ በየአገሩ የተዘራ፣ ደጁ የተዘጋበት ሕዝብ ነበር።

በ1650 ዓ.ም. ሱዛና ሎራንትፊ የምትባል የሀንጋሪ ልዕልት ሻሮሽፓታክ ላይ ያላትን ትምህርት ቤት እንዲያድስላት ጠየቀችውና ሄደ። የሥዕሉ መጽሐፍ የተጠነሰሰው እዚህ ነው። ኮሜንስኪ ቀለል ያሉትን የራሱን መጻሕፍት ይዞ እንኳ ክፍል ሲገባ ልጆቹ ተቸገሩበት። ስለ መርከብ ያነባሉ፤ መርከብ ግን አይተው አያውቁም። ስለዚህ ነገሩን ራሱን ክፍል ውስጥ ማምጣት ካልተቻለ መልኩን ማምጣት አለብን ብሎ ወሰነ። ከዚህም ጋር ልጆቹ የተማሩትን በቲያትር መልክ እንዲጫወቱት ስምንት ተውኔቶች ጻፈላቸው። አንዳንድ መምህራን ትምህርት ቤቱን የጨዋታ ቤት አደረገው ብለው አጉረመረሙ፤ የት አገር ነው አዲስ ነገር ሳይጉረመረምበት የገባው?

የመጽሐፉ ጽሑፍ ተሠራ፤ ችግሩ ሥዕሉ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕል የሚታተመው እንጨት ተቀርጾ ነው። ባለሙያው መስመሩን ብቻ ከፍ አድርጎ አስቀርቶ ሌላውን በስለት ይፍቀዋል፤ ከዚያ እንጨቱ ከፊደሉ ጎን ተሰድሮ ቀለም ይቀባና አንድ ላይ ይታተማል። 150 ያህል እንጨት በዚህ አኳኋን የሚቀርጽ ባለሙያ ሻሮሽፓታክ ላይ አልተገኘም። ስለዚህ ጽሑፉ ጀርመን አገር ኑረምበርግ ወደሚገኘው ሚካኤል ኤንድተር ወደሚባለው አሳታሚ ተላከ። ቅርጹ ዓመታት ፈጀ። ኮሜንስኪ መጽሐፉን ሳያይ በ1654 ዓ.ም. ወደ ሌሽኖ ተመለሰ።

እዚያ ደግሞ ሌላ መዓት ጠበቀው። ስዊድን ፖላንድን ስትወር ኮሜንስኪ የስዊድንን ንጉሥ የሚያወድስ ጽሑፍ በ1655 ዓ.ም. አወጣ። ፖላንድ አስጠግታ ላኖረችው ሰው ይህ የማይገባ ነበር እንላለን፤ በዘመኑም ብዙዎች ወቅሰውታል። በኤፕሪል 1656 ዓ.ም. የፖላንድ ወታደሮች ሌሽኖን አቃጠሏት። ቤቱ፣ መጻሕፍቱ፣ ያልታተሙ ጽሑፎቹ ሁሉ ነደዱ። ከነዚህ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የለፋበት የቼክ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ነበረበት። ለሌላው ኪሳራ መጽናኛ ቢያገኝም ለዚህኛው ግን እስኪሞት አላገኘለትም።

የድሮ ረዳቱ ልጅ ሎረንስ ደ ጌር አምስተርዳም ጠርቶ ቤትና መተዳደሪያ ሰጠው። ኑረምበርግ ላይ በ1658 ዓ.ም. «ኦርቢስ ሴንስዋሊዩም ፒክቱስ»፣ ማለት በስሜት ሕዋሳት የሚታወቀው ዓለም በሥዕል፣ ታትሞ ሲወጣ ኮሜንስኪ የ66 ዓመት ሽማግሌ፣ ሁሉን ነገር ያጣ ስደተኛ ነበር። በእኛ አገር ዐፄ ፋሲል በጎንደር የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው።

መጽሐፉ ሲገለጥ አንድ መምህርና አንድ ልጅ ቆመው ይታያሉ። መምህሩ ልጁን ና ጠቢብ መሆን ተማር እያለ ይጋብዘዋል። ቀጥሎ ፊደል ይመጣል፤ ሆኖም ፊደሉ ብቻውን አልመጣም። እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ከሚያሰማ ፍጥረት ጋር ነው። ቁራ ኣ ኣ ይላል፤ ጠቦት በግ ቤ ይላል፤ ሕፃን ልጅ ያለቅሳል፤ ነፋስ ያፏጫል፤ ዝይ፣ አይጥ፣ ዳክዬ፣ ተኩላ፣ ድብ፣ ድመት እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ልጁ ፊደሉን የሚያውቀው እንስሳውን እየመሰለ በመጮህ ነው። በዘመኑ ይህ በክፍል ውስጥ ሲሠራ ምን ያህል ሳቅ እንደነበረ አስቡት! አለንጋው የት ይገባል?

ከዚያ በኋላ በየምዕራፉ ከላይ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ በአንድ ረድፍ ላቲን፣ በሌላው ረድፍ ጀርመንኛ። ዋናው ጥበብ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ያው ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ በስሙ ጎን ይገኛል። ዳቦ ጋጋሪው ባለበት ሥዕል ላይ ዱቄቱ የሚነፋበት ወንፊት፣ ሊጡ የሚቦካበት ገንዳ፣ ዳቦው ምድጃ የሚገባበት ረጅም አካፋ በየቁጥራቸው ይታያሉ። ልጁ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ከሥዕሉ ወደ ቃሉ፣ ከቃሉ ወደ ሥዕሉ ይመላለሳል። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ፣ በየማሽኑ መመሪያ ላይ የምናየው ቁጥር የተጻፈበት ሥዕል በልጆች መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ተደላድሎ የገባው በዚህ ሥራ ነው።

ምን የሌለበት አለ? ከእግዚአብሔር ጀምሮ ሰማይ፣ እሳት፣ ውኃ፣ ደመና፣ ዛፍ፣ ወፍ፣ ዓሣ ይቀጥላል። ከዚያ ሰው ከነዕድሜ ደረጃው ይመጣል፤ ከዚያም የእጅ ሙያው፦ ወፍጮ ቤቱ፣ ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ አናጢው፣ ግንበኛው፣ አንጥረኛው። በዘመኑ ትምህርት ቤት እንደ ተራ ነገር የሚናቀውን ሙያ ኮሜንስኪ ከፍልስፍናና ከሥነ ፈለክ እኩል ምዕራፍ ሰጠው። የልጆች ጨዋታም የራሱ ምዕራፍ አለው፤ እንዝርት እንደሚሽከረከር የሚሾር መጫወቻ፣ ከፍ ባለ እንጨት ላይ መራመድ፣ ዥዋዥዌ ሁሉ አለ። በጣም የገረመን ደግሞ የነፍስ ሥዕል ነው። የማይታየውን እንዴት ይሥሉታል? የሰው ቅርጽ ዙሪያውን በነጠብጣብ ብቻ ተሥሏል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

አባሎቻችን ደስ እንደሚላቸው የምናምነው ስለ ቀብር የተጻፈው ምዕራፍ መኖሩ ነው። አዎን፣ ለሕፃናት በተዘጋጀ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ! የጥንት ሰዎች ሬሳ አቃጥለው አመዱን በዕቃ ያስቀምጡ እንደነበር ይናገርና፣ በኋላ ግን አስከሬን በሣጥን ሆኖ በቃሬዛ ተይዞ በአጀብ ወደ መካነ መቃብር እንደሚሄድ፣ ተሸካሚዎቹ ወደ ጉድጓድ እንደሚያወርዱት፣ መዝሙር እንደሚዘመርና ደወል እንደሚደወል ያሳያል። ኮሜንስኪ ሞትን ከልጆች አልደበቀም። የዛሬ የሥዕል መጻሕፍት አዘጋጆች ይህን ጉዳይ ሲሸሹት እናያለን፤ እኛ ግን ልጆቻችን ከድንኳኑ ሥር ሲሯሯጡ ያደጉ ናቸውና የሽማግሌው ነገር ይገባናል። የወንጀለኞች ቅጣት የተሣለበት ምዕራፍ ግን፣ ስቅላቱና ማሠቃያው ሁሉ፣ ለትንሽ ልጅ ዓይን የሚሆን አይመስለንም። ዘመኑ ያን ሁሉ በአደባባይ ያሳይ ስለነበር ለልጆቹ አዲስ ባይሆንም፣ ሳይገባ ቢቀር ጥሩ ነበር።

መጽሐፉ እንደ ወጣ በዓመቱ፣ በ1659 ዓ.ም.፣ ቻርልስ ሁል የሚባል የለንደን መምህር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1666 ዓ.ም. በላቲን፣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በአንድነት ወጣ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲታተም ኖረ። ታላቁ የጀርመን ባለቅኔ ጎተ በ1749 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ነው፤ እሱ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ በቤታቸው ከዚህ መጽሐፍ በስተቀር ለልጆች የተዘጋጀ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዳልነበራቸው ያስታውሳል። በገዛ ቋንቋው በቼክ ግን ታትሞ የወጣው በ1685 ዓ.ም. ሌቮቻ በምትባል ከተማ፣ ኮሜንስኪ በሞተ በ15 ዓመቱ ነው። የገዛ ወገኖቹ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ሲያነቡት አላየም።

የመጨረሻ ዓመታቱን ስለ ሰው ልጆች ጉዳዮች መታረም የሚናገር ሰባት ክፍል ያለው ትልቅ ሥራ ሲጽፍ አሳለፈ። በእርጅናው ግን ራእይ አየን የሚሉ ሰዎችን፣ ይልቁንም ሚኩላሽ ድራቢክ የሚባለውን፣ ከመጠን በላይ ስላመነ ትንቢታቸውን አሳትሞ መሣቂያ ሆነ። ወደ አገር መመለስን ለ30 ዓመት ሲናፍቅ የኖረ ሰው የሚመለስበትን ቀን እነግርሃለሁ የሚለውን ቢያምን እኛ አንፈርድበትም። ትልቁን ሥራ ሳይጨርስ ኖቬምበር 15 ቀን 1670 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ አምስተርዳም ላይ ዐረፈ። እንዲያሳትም ለልጁ ለዳንኤል አደራ ያለው ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ጠፍቶ ቆይቶ በ1930ዎቹ ሃሌ በምትባለው የጀርመን ከተማ በአንድ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ።

የተቀበረው ከአምስተርዳም 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ናርደን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች በሚገለገሉባት ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 22 ነበር። በኋላ ምእመናኑ ተመናምነው ጸሎት ቤቷ ለወታደሮች ማደሪያ ሆነች፤ መቃብሩም ከሰው ዓይን ጠፋ። ያልጠፋው የጸሎት ቤቷ መዝገብ ነበር። አንድ ጸሐፊ ስሙንና ያን ዝነኛ የላቲን መማሪያውን ጠቅሶ የተቀበረበትን ቀን አስፍሮ ነበር፤ የመቃብሩም ቁጥር 8 መሆኑ ታወቀ። (የዕድራችን ጸሐፊዎች መዝገብ ሲያስፈርሙን የምንነጫነጭ ሁሉ ይህን ልብ እንበል።) በ1929 ዓ.ም. ወለሉ ተቆፍሮ አጽሙ ተገኘ። የሆላንድ መንግሥት ጸሎት ቤቷን ለቼኮዝሎቫኪያ ለስሙ ያህል በሆነ ኪራይ ሰጠ፤ ተጠግናም በ1937 ዓ.ም. የኮሜንስኪ መካነ መቃብር ሆና ተከፈተች። ቼኮችና ስሎቫኮች የተወለደበትን ማርች 28ን የመምህራን ቀን አድርገው ያከብሩታል፤ በቼክ የ200 ኮሩና ብር ላይም ጢማሙ ሽማግሌ ይታያል፤ በጀርባው ላይ የአዋቂ እጅና የልጅ እጅ ተሥለዋል።